በሰመር መግቢያ የካሊፎርኒያን የአየር ትንበያ ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጁን ወር ከሰዓት በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንድ ሰው ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይቆማል። በዚያው ሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብላ ባለችው ሳክራሜንቶ የሚኖረው ዘመዱ ጥላ ፍለጋ ይሮጣል። የጁን አማካይ የቀን ከፍተኛ ሙቀት በመጀመሪያዋ ከተማ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን በሁለተኛዋ ከ30 ያልፋል። ኃይለኛ ሙቀት በሚመጣበት ቀን ልዩነቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህን ልዩነት አለማወቅ ሰው ያሳምማል፣ አንዳንዴም ይገድላል። ስለዚህ ትንበያ አነባበባችንን ማስተካከል ይገባናል።

የስልክዎን አንድ ቁጥር ለመላው አካባቢ መውሰድ

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይኸኛው ነው፤ ሌሎቹም የሚወለዱት ከዚሁ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ከባሕሩ መጀመር ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ ዳርቻ የሚያልፈው የውቅያኖስ ፍሰት ቀዝቃዛ ውሃ ከሰሜን ያወርዳል። በጸደይና በሰመር መግቢያ ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው እያራቀ ሲገፋው፣ ከሥር ከዚያ የባሰ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። በዚህ የተነሳ በሰሜን ካሊፎርኒያ ዳርቻ የባሕሩ ሙቀት በጁን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ብቻ ነው። ውሃውን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ጉምና ዝቅተኛ ደመና ይሆናል።

ከዚህ ቀዝቃዛ አየር በላይ ሌላ ታሪክ አለ። በሰሜን ፓስፊክ ላይ የሚሰፍረው ከፍተኛ የአየር ግፊት አየሩን ወደ ታች ይጫነዋል። ወደ ታች የሚወርድ ደረቅ አየር በየ1000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ገደማ ስለሚሞቅ፣ ቀዝቃዛውን የባሕር አየር ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይገጥመዋል። የታፈነው አየር የዳርቻውን ተራሮች ተሻግሮ ማለፍ አይሆንለትም፤ የሚገባው ክፍተት ባገኘበት ብቻ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ በጎልደን ጌት፣ ከባሕረ ሰላጤው ወደ ውስጥ በሚያልፈው በካርኪኔዝ ሰርጥ፣ በሳሊናስ ሸለቆ አፍ በኩል ይገባል። ባሕረ ሰላጤው ዳር ያለችው በርክሌይ ቀዝቅዛ ወደ ውስጥ ያለችው ሊቨርሞር በሙቀት የምትቃጠለው በመካከላቸው ባሉት ኮረብታዎች ምክንያት ነው። የሳሊናስ ከተማና ኪንግ ሲቲ ደግሞ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ናቸው፤ ሆኖም የሳሊናስ ከተማ ለሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ስለምትቀርብ ቀዝቀዝ ያለ አየር ታገኛለች፣ ኪንግ ሲቲ ግን ራቅ ስለምትል ትግላለች።

እንግዲህ «የቤይ ኤሪያ (የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ) ሙቀት ነገ 24 ዲግሪ» የሚል ቁጥር ለማን ነው የሚያገለግለው? የሚሄዱበትን ከተማ በስሙ ይፈልጉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ ካርታውን በመንካት 2.5 ኪሎ ሜትር ጎን ላለው ካሬ የተሠራውን ትንበያ ማየት ይቻላል። ጉዞዎ ከዳርቻ ወደ ሸለቆ ከሆነ ሦስት ነጥቦችን ይንኩ፦ መነሻውን፣ ኮረብታው ላይ ያለውን፣ መድረሻውን። መለኪያውንም አያምታቱ፤ 68 ፋራናይት 20 ሴልሺየስ ነው፣ 104 ፋራናይት ደግሞ 40።

የጠዋቱን ደመና አይቶ በቀኑ ላይ መፍረድ

በሰመር መግቢያ ዳርቻው ላይ ጠዋት ግራጫ ሰማይ ማየት የተለመደ ነው፤ የአገሩ ሰው «ጁን ግሉም» (የጁን ጭጋግ እንደማለት) ይለዋል። አዲስ የመጣ ሰው ሊዘንብ ነው ብሎ ፕሮግራሙን ይሰርዛል። ይህ ደመና ግን ስስ ነው፤ ቢበዛ ካፊያ ጣል ያደርጋል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከውስጥ አገሩ ጫፍ ጀምሮ ወደ ባሕሩ እየተገፈፈ ይሄዳል። ስለዚህ ባሕሩ ዳር ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ግራጫ ሆኖ ቢቆይም፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ፀሐይ ሊጠብቅዎት ይችላል።

የትንበያ ባለሙያዎች በየቀኑ በሚጽፉት ማብራሪያ ውስጥ የባሕሩ አየር ስንት ሜትር ወይም ስንት ጫማ (ፊት) ከፍታ እንዳለው ይገልጻሉ። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው ይህን ቁጥር ነው፤ ከሙቀቱ ቁጥር ይልቅ ብዙ ይናገራል። 300 ሜትር ያህል ከሆነ ደመናው ዳርቻው ላይ ይቀራል፣ ሸለቆዎቹ ይሞቃሉ። ከ600 ሜትር ሲያልፍ ግን ኮረብታውን እየተሻገረ ወደ ሸለቆዎቹ ይፈሳል፣ ቀኑም ይቀዘቅዛል። ቁመቱ 784 ሜትር የሆነው የታማልፓይስ ተራራ አናት ላይ የወጣ ሰው በሞቃት ፀሐይ ቆሞ ከእግሩ በታች የተዘረጋውን ነጭ የደመና ባሕር የሚያየው ለዚህ ነው። በደቡብ ደግሞ ካታሊና ደሴት አካባቢ የሚፈጠረው የነፋስ ሽክርክሪት ይህን አየር ያወፍረዋል፤ በዚያ ጊዜ የሎስ አንጀለስ ሸለቆዎች ሳይቀሩ ደመና ለብሰው ያረፍዳሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስስ ደመና እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሊያሳልፍ ይችላል። ሰማዩ ግራጫ ነው ብለው የልጆችን ቆዳ ሳይሸፍኑ ባሕር ዳር አያውሏቸው።

ዳርቻው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መዘናጋት

አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ነፋሱ አቅጣጫ እስኪቀይር ድረስ። ነፋስ ከውስጥ አገር ወደ ባሕር ሲነፍስ ቀዝቃዛውን አየር ጠርጎ ያወጣዋል፤ ራሱም ከተራራው ሲወርድ እየተጨመቀ ይሞቃል። ሳን ፍራንሲስኮ መሀል ከተማ ላይ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ሙቀቱ 41 ዲግሪ የደረሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ቀን በሰመር መግቢያም ይመጣል። ዳርቻው ላይ ብዙ ቤቶች የአየር ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ የሰዎቹም ሰውነት ሙቀት አልለመደም። ስለዚህ 33 ዲግሪ ለሸለቆ ሰው ተራ ቀን ሆኖ ሳለ፣ ዳርቻ ላይ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋዊት እናት አደጋ ሊሆን ይችላል። ትንበያው ውስጥ ነፋሱ ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ እንደሚመጣ ካነበቡ በዚያው ቀን ይደውሉላቸው።

የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ብቻ አይቶ ሌሊቱን መርሳት

ሰውነት ከቀን ሙቀት የሚያገግመው ሌሊት ነው። ሳክራሜንቶ ይህን የምታገኘው በካርኪኔዝ ሰርጥና ወንዞች በሚገናኙበት ረግረጋማ ዴልታ በኩል አመሻሹ ላይ ከሚገባው የባሕር ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲገባ መስኮት ይከፈታል፣ ቤት ይቀዘቅዛል፣ ሰው ይተኛል። ሳይገባ ሲቀር ግን ግድግዳው የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ያድራል፤ ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው እየከፋ ይሄዳል። በጁላይ 2006 በካሊፎርኒያ በሙቀት ምክንያት መሞታቸው የተረጋገጠ ሰዎች ቁጥር ከ140 ያለፈው የሌሊቱ ሙቀት አልበርድ ባለበት ወቅት ነው።

ብሔራዊ አገልግሎቱ «ሂትሪስክ» የሚለው ካርታ የሌሊቱን ሙቀትና የቀናቱን ብዛት አብሮ ስለሚያሰላ ከተራ ቁጥር ይሻላል። ከ0 እስከ 4 ደረጃ አለው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ማጀንታ። ቀይ ካዩ ደጅ የሚሠራ ዘመድዎ ሥራውን ወደ ማለዳ እንዲያዛውር አጥብቀው ይንገሩት።

«የዝናብ ዕድል 0 በመቶ» ሲል ሰላም ነው ማለት

በጁን ሸለቆው ውስጥ ዝናብ የለም ማለት ሣሩ ደርቋል ማለት ነው። በካሊፎርኒያ ክረምት፣ ማለትም በቀዝቃዛው ወቅት፣ በሚዘንበው ዝናብ የበቀለው አረንጓዴ ኮረብታ በሳምንታት ውስጥ ወርቃማ ይሆናል። የባሕሩ ነፋስ ራሱ፣ ለዳርቻው ሰው ምቾት የሆነው፣ በተራራ ክፍተቶች ሲጠብ በርትቶ የሣር እሳት ያሮጣል። ከዝናብ መቶኛ በታች የተጻፉትን የነፋስ ፍጥነትና የአየር እርጥበት ያንብቡ። ዝናቡ መሬት ሳይደርስ ተንኖ መብረቁ ብቻ የሚወርድበት ጊዜም አለ። ጁን 20 እና 21 ቀን 2008 እንዲህ ያለ መብረቅ በሰሜን ካሊፎርኒያ ከአንድ ሺህ በላይ እሳቶች አስነሥቷል። የቀይ ባንዲራ ማስጠንቀቂያ (አየሩ ለእሳት መስፋፋት አደገኛ መሆኑን የሚገልጽ) በወጣበት ቀን ሣር ማጨጃ ማሽን አያስነሡ፣ መኪናም በደረቅ ሣር ላይ አያቁሙ።

የሦስት ወሩን ካርታ እንደ ዕለት ትንበያ ማንበብ

የመጪዎቹን ሦስት ወራት ሁኔታ የሚያሳየው የወቅቱ ካርታ የሚናገረው ስለ ዕድል ነው። መነሻው ከ1991 እስከ 2020 ያለው አማካይ ሲሆን፣ ከአማካይ በላይ፣ አካባቢውና በታች ለሚሉት ሦስት ክፍሎች እኩል 33 በመቶ ያህል ይሰጣል። «ከአማካይ በላይ የመሞቅ ዕድሉ 40 በመቶ» ከተባለ ቀሪው 60 የሌሎቹ ሁለቱ ነው። ኤልኒኖም (በምድር ወገብ አካባቢ የፓስፊክ ውሃ ከወትሮው የሚሞቅበት ክስተት) ለካሊፎርኒያ ይበልጥ የሚያሳስበው በቀዝቃዛው የዝናብ ወቅት ነው፤ የጁንን የጉም ማለዳ ከእሱ ጋር አያገናኙት።

አየሩ ሞቋልና ውሃውም ሞቋል ብሎ መግባት

በዚህ ወቅት እንደዚህ የሚያሳዝነኝ ስህተት የለም። ሸለቆው 38 ዲግሪ ሲሆን ቤተሰብ ተሰብስቦ ወደ ወንዝ ይወርዳል። እንደ መርሴድ፣ አሜሪካንና ከርን ያሉት ወንዞች ግን በሜይና በጁን የሚሞሉት በሴራ ኔቫዳ በረዶ መቅለጥ ነው፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር በረዶው ይበልጥ ይቀልጣል፣ ወንዙም ይበልጥ ይሞላል፣ ይፈጥናልም። በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ሳይፈልግ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ደግሞ እጅና እግር አልታዘዝ ይላሉ፤ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን አይቀርለትም። ከመሄድዎ በፊት የወንዙን የፍሰት መጠንና የውሃውን ሙቀት ያጣሩ። ለልጆች በልካቸው የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት ከቤት ይዘው ይሂዱ፤ ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ ቢመስልም እንኳ ከመቅረባቸው በፊት ያልብሷቸው፣ ማሰሪያውንም ራስዎ ያጥብቁት።