«ተቆጣ» ወይስ «ተናደደ»?

የሰው ጽሑፍ ሳርም እነዚህን ሁለቱን በደንብ አያቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

ንዴት የውስጥ ስሜት ነው። ሰው አፉን ሳይከፍት ሊናደድ ይችላል። ሲቆጣ ግን ብዙውን ጊዜ ድምፁ ይሰማል። ገጸ ባሕሪያችሁ ጥርሱን ነክሶ ዝም ካለ «ተናደደ» በሉ።

ሰዋስዉም ይለያያል። «ልጁን ተቆጣው» ማለት ገሠጸው ነው። «ልጁን ተናደደው» ግን አይባልም፤ «ተናደደበት» ነው። ይቺ «በት» ስትዘለል ጆሮ ይጎረብጣል።

ቁስልም ሲቀላና ሲያብጥ «ተቆጣ» ይባላል። እንዴት ደስ የሚል አጠቃቀም ነው! ቁስል ግን አይናደድም።

ንዴቱ ውስጥ ለውስጥ ሲያቃጥልስ? «አንጀቴ ብግን አለ» አለላችሁ። እሱን ለከባዱ ነገር አስቀምጡት። አውቶቡስ ላመለጠው ሰው «ተበሳጨ» ይበቃዋል።