አያትን ጠርዝ ላይ አታስቀምጡ፦ ፎቶ ስናነሳ ሊወገዱ የሚገቡ የአቀማመጥ ስህተቶች

አያቴ ያሉበት የመጨረሻው የቤተሰብ ፎቶ የተነሳው በፋሲካ ማግስት ነው። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሳሎኑ ጠባብ፣ የሚነሳው ሰው ደግሞ 14 ነበር። አልበቃ ሲለኝ ስልኩ ላይ 0.5 የምትለዋን፣ ሰፊውን ሌንስ፣ ነካሁና ሁሉም ገቡልኝ፤ ደስ ብሎኝ አንዴ ጠቅ አደረግሁና ወደ ምሳችን ተመለስን። ማታ ፎቶውን አጉልቼ ሳየው መሀል ያሉት ልጆች እንደ ራሳቸው ናቸው። ሶፋው ጫፍ ላይ የነበሩት አያቴ ግን ፊታቸው ወደ ጎን ተለጥጧል። ጉንጫቸው ሰፍቶ፣ ሻሻቸው ወደ ፎቶው ማዕዘን ተጎትቶ፣ የሌላ ሰው መልክ ይመስላል። ከዚያ በኋላ አብረን ለመነሳት ዕድሜ አልሰጣቸውም። እናቴ ያንን ፎቶ አሳጥባ፣ ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቅላዋለች።

ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና ሳነሳ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ፎቶ የሚበላሸው ገና ጠቅ ሳናደርግ ነው፤ ማን የት ይቁም፣ ምን የት ይቀመጥ የሚለውን ሳናስብ ስንቀር። ደግሞ ብዙ ጊዜ ቦታ መቀየር ያለበት የሚያነሳው ሰው ነው። በየቀኑ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ትልቅ ሰው ጠርዝ ላይ መተው

ሰፊ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለውን ነገር ወደ ውጭ ይጎትታል። የእናንተ ስልክ ጥፋት አይደለም፣ የሁሉም ሰፊ ሌንስ ጠባይ ነው፤ ሰፊ ቦታን ጠፍጣፋ ምስል ላይ ሲዘረጋው ዳር ያለው ይለጠጣል። መሀል ያለ ሰው ምንም አይሆንም። ዳር ያለው ይወፍራል፣ ጭንቅላቱ ይጣመማል።

ታዲያ ዳር የሚቀሩት ለምን ሁልጊዜ ሽማግሌዎችና እናቶች ይሆናሉ? ለመነሳት ስለሚከብዳቸው ነው። ቀድመው የተቀመጡበት ላይ ይቆያሉ፣ ወጣቶቹ መጥተው በአንድ ወገን ይከማቻሉ፣ ማንም ሳያስበው የቤቱ ትልቅ ሰው ጠርዝ ላይ ይቀራሉ። ማዕድ ላይ ትልቅ ሰው የት እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን፣ ፎቶ ላይ ግን ይረሳናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። እሳቸውን አታስነሱ፤ ሰዉን በእሳቸው ዙሪያ ሰብስቡት። እሳቸው የተቀመጡበት የፎቶው መሀል ይሁን፤ ሕፃናት መሬት ላይ ከፊት፣ ወጣቶች ከኋላ ይቁሙ። ዳር ላይ የግድ ሰው ካለ ከእሱ ቀጥሎ ትንሽ ባዶ ቦታ ይተውለት። ከዚያ 0.5ን ተዉና እናንተ ወደ ኋላ ሂዱ። ቤቱ ጠባብ ከሆነ በር ክፈቱና ከበረንዳው ሆናችሁ አንሱ። እኔ ከኩሽና ደጃፍ ሆኜ ያነሳኋቸው ጥሩ ጥሩ የቤተሰብ ፎቶዎች አሉ።

ፊት ላይ መለጠፍ

ይህ ደግሞ ስልኩን ፊት ድረስ አቅርቦ ማንሳት ነው። ስልኩን ከፊት በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስትይዙት፣ አፍንጫ ለሌንሱ ከጆሮ ይልቅ በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀርባል። ከ30 ላይ 10 ማለት ሲሶ ነው። ስለዚህ አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ይሸሻል። ሁለት ሜትር ላይ ስትቆሙ ያቺው 10 ሴንቲ ሜትር ከምንም አትቆጠርም። «ፎቶ ላይ አላምርም» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የአብዛኞቹን ስልክ ሳይ በክንድ ርቀት የተነሱት ሰልፊ ብቻ ነው። እንዲህ የምትሉ ካላችሁ እባካችሁ ፊታችሁን አትውቀሱ። ስልኩን ለሰው ስጡ፣ ሁለት ሜትር ይራቅ፣ 2 የምትለዋን ይንካ። ያኔ የምታዩት መልክ ሰው ፊት ለፊት ሲያያችሁ የሚያየው ነው።

እንደ ሰልፍ መደርደር

ሚዜዎች በአንድ መስመር፣ እጅ ወደ ታች፣ ደረት ወደ ካሜራ። ሠርግ ላይ በብዛት የማየው ይህን ነው። ሁሉም ቁመታቸው እኩል ከሆነ ደግሞ አጥር ይመስላሉ።

የድሮ የስቱዲዮ ፎቶ እቤታችሁ ካለ አውጥታችሁ እዩት። አባት ወንበር ላይ፣ እናት ቆማ እጇ ትከሻው ላይ፣ ልጅ ጉልበቱ ሥር። ሦስቱ ጭንቅላቶች ሦስት ቦታ ላይ ናቸው፣ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይወርዳል። ያኔ በስፋት ይሠራበት የነበረው የስቱዲዮ ካሜራ ፊልም በአንድ ጥቅል 12 ፎቶ ብቻ ነበር የሚያነሳው። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ከመጫኑ በፊት አገጭ ቀና ያደርግ፣ ነጠላ ያስተካክል፣ እጅ ያስቀምጥ ነበር። እኛ ስልካችን ላይ ሺህ ፎቶ እናነሳለን፣ አንዱንም አናስተካክልም።

ስለዚህ ቁመት አማርጡ። አንዱ ይቀመጥ፣ አንዱ ደረጃ ላይ ይውጣ፣ አንዷ ሶፋው ክንድ ላይ ትደገፍ። ሁለተኛው ረድፍ በፊተኞቹ ክፍተት መሀል ይግባ፤ ጭንቅላት በጭንቅላት ላይ አይደረብ። ትከሻ ትንሽ ዞር ይበል፣ ክብደት ወደ ኋላ እግር ይሂድ፣ ፊት ብቻ ወደ ካሜራ ይመለስ። እጅ ደግሞ ሥራ ይፈልጋል። ባዶ እጅ ሰውን ያስጨንቃል፣ ጭንቀቱም ፊት ላይ ይታያል። የነጠላ ጫፍ፣ ሲኒ፣ አበባ፣ የልጅ እጅ፣ ምንም ይሁን አስይዙት።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልኩ ላይ ፖርትሬት የሚለው ምርጫ ለአንድ ሰው ነው፤ በሁለት ረድፍ ሲሆን የኋላውን ሰው ያደበዝዘዋል። ጎፈሬ ፀጉርንና የነጠላን ጫፍም እንደ ጀርባ ቆጥሮ ሲበላው አይቻለሁ። ለቡድን ዝጉት። በካሜራ የምታነሱ ደግሞ የሌንሱን ቀዳዳ (አፐርቸር) በ1.8 ከፍታችሁ ሁለት ረድፍ አታንሱ፣ ወደ 5.6 ወይም 8 ውሰዱት።

መገጣጠሚያ ላይ መቁረጥ

ጉልበት ላይ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ አንጓ ላይ የተቆረጠ ፎቶ የጎደለ ነገር ያለው ይመስላል። ጭን መሀል ላይ ወይም ወገብ ላይ ብትቆርጡት ግን ዓይን ይቀበለዋል።

እኛ ጋ ይህ ስህተት ሌላም ጣጣ አለው። የሐበሻ ቀሚስ ጥበቡ ታች ዘርፉ ላይ ነው። ሸማኔው ስንት ቀን የለፋበት፣ ልብሱ የተወደደበት ምክንያት እሱ ነው። ፎቶው ቁርጭምጭሚት ላይ ሲቆረጥ የሚቀረው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። ሙሉ ካነሳችሁ ዘርፉን አስገቡ፣ ከእግሯ በታችም ትንሽ መሬት ይታይ። ካልሆነም ወገብ ላይ ቁረጡና ደረቷ ላይ የሚወርደውን ጥልፍ አሳዩ። እሱ እንዲታይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በጎን እንዳትቆም ንገሯት። ትንሽ ዘወር ማለት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስትዞር ጥልፉ ከእይታ ይወጣል። ነጠላውንም እዩት። ለብሳ ስትመጣ የተስተካከለው ጥለት ስትቀመጥ ይጠቀለላል፤ አንድ ሰው ቀርቦ ይዘርጋላት።

ከጭንቅላት የበቀለ እንጨት

የመብራት ምሰሶ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የመጋረጃ ዘንግ ከሰው ጭንቅላት ላይ ሲወጣ የምናየው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነው። ከመጫናችሁ በፊት ሰውየውን ተዉትና ጀርባውን ብቻ ለአንድ ሰከንድ እዩ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ መሄድ ይበቃል።

በቀትር ፀሐይ ሥር ማቆም

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀን 6 ሰዓት ገደማ ፀሐይ በቀጥታ አናታችን ላይ ትሆናለች። ነሐሴስ ደመናው ይጋርደናል። ሚያዝያ ግን የሠርግ ወር ነው! ሙሽሮቹን መናፈሻ መሀል፣ ሜዳ ላይ፣ በስድስት ሰዓት አቁመን ዓይናቸው ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይወጣል፤ ቅንድብና አፍንጫ ጥላቸውን ወደ ታች ይጥላሉ፣ ግንባር ያበራል።

ጥላ ፈልጉ፣ ግን የጥላው ጠርዝ ላይ አቁሟቸው፤ ፊታቸው ወደ ብርሃኑ ይሁን። በረንዳ ግሩም ቦታ ነው። ባህር ዛፍ ሥር ግን ተጠንቀቁ፣ በቅጠሉ መሀል የሚያልፈው ብርሃን ፊት ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። እዚህ ላይ ነጭ ልብስ በነፃ ያግዛችኋል። ሙሽራዋ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ስታደርገው ብርሃን ከታች ወደ አገጯና ወደ ዓይኗ ይመልሳል፣ ጥላውን ያለሰልሰዋል።

ነጭ ግድግዳ ፊት ማቆም ግን ሌላ ነው። ካሜራው ነጩ በዛበት ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፣ የእኛ ፊት ደግሞ ይበልጥ ይጠቁራል። ሰዉን ከግድግዳው አርቁት፣ ስልኩ ላይ ፊቱን ንኩና የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ግፉ። የሰው ልጅ የቆዳው ቀለም እንደ ራሱ ሆኖ መውጣት አለበት። ይህን ችላ የሚል ፎቶ አንሺ ያናድደኛል።

እንስሳን ቆሞ ማንሳት

የበዓል በግ፣ ውሻ፣ ድመት፣ ሁሉንም ቆመን ከላይ ወደ ታች እናነሳለን። ውጤቱ ትልቅ ጭንቅላት፣ ትንንሽ እግር፣ ብዙ መሬት ነው። ተንበርከኩ። ሌንሱ ከእንስሳው ዓይን እኩል ሲሆን ያኔ ነው ፊቱ የሚታየው። ፎከሱም ዓይኑ ላይ ይሁን። ወደሚያይበት አቅጣጫ ባዶ ቦታ ተዉለት፣ አለዚያ ከግድግዳ ጋር የተጋጨ ይመስላል።

ሰሜን ተራሮች የሄዱ ጓደኞቼ ከሚያመጧቸው የጭላዳ ፎቶዎች አብዛኞቹ ሣር ላይ የተቀመጠ ቡናማ ክምር ናቸው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ በዱር የትም የለም፤ ያን ያህል መንገድ ተጉዞ ክምር ይዞ መመለስ ያሳዝናል። ጭላዳ ሣር የሚበላው ቁጭ ብሎ ነው፣ ስለዚህ እናንተም ቁጭ በሉ። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከፊት ወይም ከፊት በትንሹ ዞር ብሎ ካልሆነ አይታይም፤ ከኋላ እየተከተላችሁ አታንሱ፣ ዞሮ እስኪመጣ ጠብቁ። ጠዋት ወይም አመሻሽ ከሆነና ፀሐይ ከጀርባው ካለች የወንዱ ጋማ ዙሪያውን በብርሃን ይከበባል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ቢያሳያችሁ እየሳቀ አይደለም። የቁጣና የጭንቀት ምልክት ነው፣ ወደ ኋላ በሉ። ለፎቶ ብላችሁም አታባብሉት፣ ምግብ አትወርውሩ።

ላም ወይም ፈረስ ለሽያጭ የምታነሱ ከሆነ ሜዳማ ቦታ ላይ በጎን አቁሟት፣ አራቱም እግሮቿ ተለይተው ይታዩ። እግር በእግር ሲደረብ ባለ ሁለት እግር ትመስላለች፣ ገዢም ይጠራጠራል።

ሁሉን ዕቃ ከአንድ አቅጣጫ

ዕቃም ፊት አለው። በያይነቱ ፊቱ ወደ ላይ ነው፤ ቀጥ ብላችሁ ከላይ አንሱት፣ ቀይ ምስሩና ጎመኑ ክብ ሠርተው ይታያሉ። ጀበና ግን ከላይ ስትነሳ ጥቁር ክብ ብቻ ናት። የጀበና ውበቷ አንገቷ፣ ሆዷና እጀታዋ ነው፤ ዝቅ ብላችሁ ከጎን፣ ማቶቷ ላይ እንዳለች አንሷት፣ እጀታዋ ወደ አንድ ጎን ወጥቶ ይታይ። ጥቁር ስለሆነች ጥቁር ጀርባ ይውጣታል። የዕጣን ጭሱ ደግሞ በተቃራኒው ጨለም ያለ ጀርባና ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ፎቶ ለማስማማት ጀበናዋን መስኮት አጠገብ አድርጌ ብርሃኑ ዳሯን እንዲያበራ አደርጋለሁ፤ ያኔ ጥቁር ከጥቁር በቀጭን የብርሃን መስመር ይለያል። የጣሪያውን አምፖል አጥፉት፣ ቢጫው ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ሲቀላቀል ቀለሙ ይዘበራረቃል።

ቴሌግራም ላይ ዕቃ የምትሸጡ ወገኖች፣ «መጠኑ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሰለቻችሁ አጠገቡ ሰው የሚያውቀውን ነገር አስቀምጡ። ሲኒ፣ እስክሪብቶ፣ እጃችሁ።

አንዴ ብቻ ማንሳት

ሁሉን አስተካክላችሁ አንድ ሰው ዓይኑን ከጨፈነ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለዚህ ሒሳብ ያወጡ ሁለት የአውስትራሊያ ሰዎች፣ ኒክ ስቬንሰንና ፒርስ ባርንስ፣ ለሚያስቅም ለሚያሳስብም ምርምር የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። ሒሳቡ ከ20 ለሚያንስ ቡድን ነው። ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ የሰዉን ብዛት ለ3 ታካፍላላችሁ፣ ደብዛዛ ከሆነ ለ2፤ የምታገኙት ቁጥር ሁሉም ዓይኑን የገለጠበት አንድ ፎቶ እንዲገኝ ስንት ጊዜ ማንሳት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። 18 ሰው በረንዳ ላይ ከሆነ 6 ጊዜ።

ያ የፋሲካ ማግስት ሳሎን መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። 14 ሰው፣ 7 ጊዜ። እኔ ያነሳሁት አንዴ ነው።