አደይ አበባ ከግቢ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ ለሐረርና ለድሬዳዋ

አምና ግቢውን ሞልቶት ነበር፤ ዘንድሮ አንድም አልበቀለም

አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ተክል ነው፤ ሥሩ ከርሞ አያቆጠቁጥም። ለእንቁጣጣሽና ለደመራ ያለውን ሁሉ አጭደው ከጨረሱ ለከርሞ የሚተርፍ ዘር የለም። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ አቤቱታዎች መነሻቸው ይኸው ነው። ስለዚህ በመስከረም በደንብ ያበበ አንድ ጥግ መርጠው አይንኩት። በጥቅምትና በኅዳር ቢጫው ይረግፋል፣ የአበባው ራስ ደርቆ ቡናማ ይሆናል፤ በጣት ሲነካ ጥቁር፣ ጠፍጣፋና ቀጭን ዘሩ በቀላሉ ይለቃል። የሚሰበሰበው ያን ጊዜ ነው። ገና አረንጓዴ ሳለ ከተለቀመ ዘሩ አልጎመራምና አይበቅልም። የለቀሙትን በወረቀት ጠቅልለው ደረቅ ቦታ ያኑሩ።

ዘሩ ረግፎ ሳለም በሐምሌ አረም ሲነቀል አደዩ አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ቡቃያው ከአረም ጋር አብሮ ስለሚወጣ አራሚው ሳያውቅ ይነቅለዋል። ቅጠሉን ይመልከቱ፦ የአደይ ቅጠል በግንዱ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ እንደ ካሮት ቅጠል ባይደቅም የተሰነጣጠቀ ነው። የኑግና የመጭ ቅጠል ግን ያልተከፋፈለ ሲሆን ግንዱን አቀፍ አድርጎ ይቀመጣል። ሦስቱም ቢጫ የሚያብቡ ዘመዳሞች ስለሆኑ በአበባው ብቻ መለየት ያሳስታል። አራሚ ከመግባቱ በፊት አንዱን ቡቃያ ያሳዩት።

ተዘርቶ አልወጣም

ጠልቆ ተቀብሮ ይሆናል። አፈሩን ጫር ጫር አድርገው ይበትኑ፣ በእጅ መዳፍ ጫን ይበሉት፤ ከዚያ በላይ አፈር አያልብሱት። ጊዜውም ወሳኝ ነው። በሐረር የበልጉን ዝናብ አምኖ የተዘራ በሰኔ ዝናቡ ሲሳሳ ቡቃያው ይደርቃል። ክረምቱ እስኪጸና፣ ሐምሌ እስኪገባ ይታገሡ።

ቁመቱ ረዘመ፣ አበባ የለም

ፍግ በዝቶበታል ወይም ጥላ ይዞታል። በጀጎል ውስጥ ግቢዎቹ በረጃጅም ግንብ የታጠሩ ስለሆኑ ጥላው የተለመደ ነው፤ ፀሐይ ረዥም ሰዓት የሚያገኘውን ጎን ይምረጡ። ፍግ ጨርሶ አያስፈልገውም።

ድሬዳዋ ላይ ቀትር ሲሆን ይጠወልጋል

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። አደይ የደጋና የወይና ደጋ ልጅ ስለሆነ ቆላው ይከብደዋል። አመሻሽ ላይ ይዩት። ቀና ካለ ያደከመው ሙቀቱ ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ይስጡት። አመሻሽም ካልተነሣ አፈሩን በጣት ይፈትሹ፦ ደረቅ ከሆነ ያጠጡት፤ ጭቃ ከሆነ ሥሩ ታፍኗልና ውኃው የሚወርድበት ቀዳዳ ይክፈቱለት።

ጫፉ ላይ ጥቃቅን ተባይ ተጣብቋል

በለስላሳ የሳሙና ውኃ ይጠቡት። አብቦ ሳለ ፀረ ተባይ መርጨት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ንቦች በዚህ ወቅት ለማር የሚተማመኑት በእርሱ ላይ ነው።

የተቆረጠው በማግስቱ ጠወለገ

በቀትር የተቆረጠ አይቆይም። ጤዛው ሳይደርቅ፣ በማለዳ፣ በተሳለ ቢላ ይቁረጡና ወዲያው ውኃ ውስጥ ይንከሩ። ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ያራግፉ፤ አለበለዚያ ይበሰብሳል። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወስዱ ከሆነ የግንዱን ጫፍ በረጠበ ጨርቅ ይጠቅልሉ፤ ደንገጎን አልፎ ቁልቁል ሲወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጨርቁም መንገድ ላይ ዳግም ውኃ ይፈልጋል።