ውሻችሁን እንዴት በማሽተት ብቻ እንደምታጫውቱት

ለዚህ ጨዋታ 3 ተመሳሳይ ካርቶንና ጥፍር የምታክል ቁራጭ ስጋ ትበቃለች። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ሽንኩርት የነካው ነገር ግን በጭራሽ እንዳትጠቀሙ፣ ለውሻ መርዝ ነው።

መጀመሪያ እያየ አንዱ ውስጥ ክተቱና "ፈልግ" በሉት፣ ሁለት ሶስቴ ሲያገኝ ከክፍሉ አስወጥታችሁት ሳያይ ደብቁ። ሶስቱንም ካርቶን እኩል ነካኩ እሺ፣ አለዚያ የሚከተለው ስጋውን ሳይሆን የእጃችሁን ሽታ ይሆናል።

ከዛ ዝም በሉ! እኔ መጀመሪያ ቀን አላስችል ብሎኝ በጣቴ ሳሳየው ማሽተቱን ትቶ እጄን እያየ ቁጭ አለ፣ እኔ ደሞ አፍንጫው የማይሰራ መስሎኝ። ለካ ጥፋቱ የኔ ነው። የኛ የሽታ ተቀባይ 5 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ የውሻ ግን እንደ ዝርያው እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳል፣ ሽታ የሚተነትነው የአንጎሉ ክፍልም ከአንጎሉ መጠን አንፃር ከኛ 40 እጥፍ ገደማ ይበልጣል ይባላል፣ እና እኔ እሱን ልረዳው?

ሲያነፈንፍ ጠጋ ብላችሁ አፍንጫውን እዩት። ቀዳዳዎቹ በጎን በኩል ኮማ የመሰለ ስንጥቅ አላቸው፣ እኛ ስንተነፍስ ፊታችን ያለውን ሽታ እፍ ብለን እንበትነዋለን፣ እሱ ግን ትንፋሹን በዛ ስንጥቅ ወደ ጎን ስለሚያስወጣው ሽታው ባለበት ይቆይለታል፣ በዛ ላይ በሰከንድ 5 ጊዜ አካባቢ እየሳበ ነው። ከሚስበው አየር ደሞ የተወሰነው ከመተንፈሻው ተለይቶ ከኋላ ወዳለው የማሽተቻ ክፍል ይሄዳል። እርጥበቱም ለጌጥ አይደለም፣ ሽታውን ይዞ ያስቀርለታል።

ስለዚ ሮጦ እያለከለከ ከሆነ አታስጀምሩት፣ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ በደንብ ማሽተት አይችልም። ውሃ ስጡት ይረፍ። ሲጀምርም 10 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ዝም ብሎ ማሽተት ይመስላል እንጂ በጣም ነው የሚያደክመው።

ሲለምድ ካርቶኑን ትታችሁ ከሶፋ ስር ምናምን ደብቁ። ስጋው ያለበትን አልፎት ሊሄድ ይችላል፣ እንዳትጠሩት፣ ትንሽ ሄዶ ድንገት አንገቱን ወደ ኋላ ይቀለብሳል፣ ሽታው ያለቀበት ቦታ ደርሶ ነው የሚመለሰው።