መጽሐፍ አገናኝቶ ግሩፕ እንዳያጣላ፦ በንባብ ክበብ የሚጀመር ጓደኝነትን የሚያበላሹ ስህተቶች

እዚሁ ጎንደር አንዱ አዘዞ፣ ሌላዋ ማራኪ፣ ሦስተኛው ፒያሳ ሆነው በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ አንድ መጽሐፍ የሚያነቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚተዋወቁት በስም ሳይሆን በምዕራፍ ነው። «የት ደረስሽ?» «ሰባት ላይ ነኝ።» «ቆይ፣ ስምንትን ስትጨርሺ እናወራለን።» ጓደኝነቱ ከዚህች «ቆይ» ይጀምራል። ሲፈርስም ብዙ ጊዜ በትልቅ ጠብ አይደለም፤ በሰዓት፣ በገጽ ቁጥር፣ ባልተመለሰ መልእክት፣ በተዋሰ መጽሐፍ ነው። ቀጥሎ ያሉት ስህተቶች ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ አንዳንዱ ላይ ረዘም እንላለን፣ አንዳንዱን ነካ አድርገን እናልፋለን።

የመጽሐፍ ቁጥር ማሳደድ

«በዓመት 50 መጽሐፍ» የሚል ቻሌንጅ ሲጻፍ ያምራል። ሒሳቡ ሲሠራ በሳምንት አንድ መጽሐፍ ገደማ ነው፤ መጽሐፉ ባለ 300 ገጽ ከሆነ በቀን 43 ገጽ። ሥራ ውሎ፣ ልጅ አስተኝቶ፣ መብራት ጠብቆ ይህን በየቀኑ የሚያነብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰው ሳይታወቀው ቀጫጭን መጽሐፍ መምረጥ ይጀምራል፤ ግሩፑም ውስጥ ከ«ጨረስኩ» በቀር ወሬ ይጠፋል። ሰላሳ ሰው ሰላሳ የተለያየ መጽሐፍ ቢጨርስ ምን ያወያየዋል? ለወዳጅነት የሚያስፈልገው ያንኑ ምዕራፍ በዚያው ሳምንት ያነበበ ሁለተኛ ሰው ነው።

በገጽ ማቀድ ይሻላል። በቀን 20 ገጽ የሚያነብ ባለ 300 ገጹን በ15 ቀን ይጨርሳል፤ በዓመት 7,300 ገጽ፣ ማለትም 24 ያህል መጽሐፍ ይሆንለታል። ይህም ከበዛ በወር አንድ፣ ለጳጉሜን ደግሞ አንድ ቀጭን የግጥም መድበል ይበቃል። ግሩፑ ምንም ያህል ቢሰፋ በአንድ መጽሐፍ ላይ አብረው የሚቀመጡት ከ5 እስከ 8 ሰዎች ይሁኑ። ከዚያ ሲበዛ ሁለት ሦስቱ ያወራሉ፣ የቀረው ያዳምጣል፤ ሲያዳምጥ የከረመ ሰው ደግሞ አንድም ወዳጅ ሳያፈራ ይወጣል።

የመጀመሪያው ቀንም ይታሰብበት። እንደ ጉድሪድስ ያሉት የንባብ መመዝገቢያ መተግበሪያዎች ዓመታዊ ቻሌንጃቸውን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል (ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት 22 ላይ)። ገና ስድስት ቀን ይቀረዋል፣ ጥምቀት 18 ቀን። የጎንደርን ጥምቀት የሚያውቅ ቀሪውን ይገምተዋል፦ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ከከተራው ጀምሮ ሰዉ ሁሉ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል፣ መጽሐፍ የሚገልጥ አይገኝም። በሦስተኛው ሳምንት የተቋረጠ ቻሌንጅ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይቀጥልም፤ ወደ ኋላ የቀረው ያፍርና ድምፁን አጥፍቶ ይሰወራል። ከመስቀል ማግሥት ወይም ከጥር 15 ወዲህ የሚጀምር ክበብ ብዙ ሰው ያተርፋል።

በገጽ ቁጥር መነጋገር

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል። አንዱ የአባቱን ያረጀ ቅጂ፣ ሌላው ትናንት የገዛውን ይዞ «ገጽ 210 ላይ ያለውን አየኸው?» ቢባባሉ ሁለቱም የተለያየ ነገር እያዩ ይከራከራሉ። ሦስተኛው ታሪኩን የሚያውቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ይሆናል፤ ለእሱ ገጽ የሚባል ነገር የለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ምዕራፉንና የአንቀጹን የመጀመሪያ አራት አምስት ቃላት ይጻፉ፣ ሌላው ፈልጎ ያገኘዋል።

ማዳመጥ ከንባብ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውንም በመጀመሪያው ቀን ይወስኑ። ይቆጠር ባይ ነን። ነገር ግን ተራኪው ገጸ ባሕርያቱን በድምፁ አስቀድሞ ስለሚተረጉማቸው፣ ያዳመጠ ሰው ማዳመጡን ይናገር። ያለዚያ «እንዴት እንዲህ ተሰማህ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አያገኝም።

መጨረሻውን መዘርገፍ

ማን እንደሚሞት በምዕራፍ ሦስት ላይ ላለ ሰው መንገር ይቅር ቢባልም አይረሳም። ቴሌግራም ለዚህ መሸፈኛ አለው፤ ጽሑፉን መርጠው «ስፖይለር» የሚለውን ይንኩ፣ አንባቢው ካልነካው አይገለጥም። ሁለት ቋሚ መስመር ከፊትና ከኋላ ማድረግም ያንኑ ይሠራል። ከላዩ ግን «ምዕራፍ 12 ያለፈ ብቻ» ብለው ይጻፉ፤ የተሸፈነ ነገር ያጓጓልና ማስጠንቀቂያ የሌለው መሸፈኛ ባዶ ነው።

ዝምታን እንደ ኩርፊያ መቁጠር

ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው። በአካል የማይተዋወቁ ሰዎች አንዳቸው ስለሌላው ያላቸው ምልክት ሁለት ብቻ ነው፦ መልእክቱ መነበቡና መልስ መምጣቱ። መነበቡን የሚያሳዩ ሁለት ምልክቶች ታይተው መልስ ሲጠፋ አእምሮ ክፍተቱን በክፉ ይሞላዋል። «ሐሳቤን ናቀችው»፣ «አንብቦ ተወኝ» ይባላል። እሷ ግን አንብባ ማታ ተረጋግታ ልትጽፍ ያሰበች፣ ከዚያም መብራት የጠፋባት ትሆናለች።

በእኛ አካባቢ ለዝምታ ሌላ ከባድ ምክንያትም አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በአንድ መተግበሪያ ላይ ብቻ የቆመ ወዳጅነት እንዲህ ባለ ጊዜ ሰውየው የት እንዳለ እንኳ መጠየቂያ ያጣል። ስለዚህ ከተግባቧቸው አንድ ሁለት ሰዎች ጋር ተራ የስልክ ቁጥር ይለዋወጡ፤ ለጠቅላላው ግሩፕ ግን አይግለጡት። በቴሌግራም ሴቲንግ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖባዲ» ያድርጉት። አዲስ ሰው ኮንታክት ውስጥ ሲያስገቡም «ቁጥሬን አሳየው» የሚለው ምልክት እንዳለ ይዩ፤ ካላጠፉት ቁጥርዎ ይተላለፋል።

ሰው ሲጠፋ የሚጻፈውም ቃል ልዩነት ያመጣል። ሦስት ቀን ይጠብቁና በኢንቦክስ «ደህና ነህ?» ይበሉ። «ለምን አታነብም?» የሚለውን ግሩፕ ላይ የጻፈ አድሚን ያንን ሰው መልሶ አያገኘውም።

«ማታ 2 ሰዓት» ብሎ መተው

ክበቡ ውስጥ ከጎንደር ወጥቶ ውጭ አገር የሚኖር ሰው ካለ ይህ ስህተት በየወሩ ይደገማል። የጎንደር ማታ 2 ሰዓት በስልክ ላይ 20፡00 ነው። ዋሽንግተን ላለ ሰው በክረምታቸው ልክ እኩለ ቀን፣ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር 1፡00፣ ይሆናል። እነሱ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፣ እኛ አናዛውርም፤ በኅዳር እየሠራ የነበረው ቀጠሮ በመጋቢት በአንድ ሰዓት የሚዛባው ለዚህ ነው። ሁልጊዜ «ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት በጎንደር፣ በስልክ 20፡00» ተብሎ ይጻፍ። ሁለት ጊዜ ሰዓት ተሳስቶ ባዶ ክፍል የገባ ሰው ለሦስተኛው አይመጣም።

የሐሳብ ልዩነትን ወደ ሰውየው ማዞር

ጎንደር የአንድምታ፣ ማለትም የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ፣ አገር ናት። የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንት በአንድ ቃል ላይ «አንድም… አንድም…» እያሉ ትርጓሜ ሲደረድሩ፣ ሁለተኛው «አንድም» የመጀመሪያውን አይሰርዘውም፤ አጠገቡ ይቀመጣል። ለንባብ ክበብ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አናውቅም። በጽሑፍ «ተሳስተሃል» ሲባል ፈገግታው አይታይም፣ የድምፁ ለስላሳነት አይሰማም፤ በካፌ ሳቅ የሚያመጣው ቃል በስልክ ስድብ ይሆናል።

ሲቃወሙ ይህን ቅደም ተከተል ይከተሉ። መጀመሪያ መልእክቱን «ሪፕላይ» ያድርጉ፣ ለማን እንደሚመልሱ ይታወቅ። ቀጥለው ከመጽሐፉ አንዱን ዓረፍተ ነገር ይጥቀሱ። ከዚያ «አንድም እንዲህ ሊነበብ ይችላል» ብለው የራስዎን ያስቀምጡ። ክርክሩ ከሦስት ምልልስ ካለፈ ወደ ቮይስ ይቀይሩት፤ ቮይሱ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ፣ የስምንት ደቂቃ ቮይስ የሚያዳምጥ የለምና። የፊደል ግድፈት ወይም የተሳሳተ ዓመተ ምሕረት ማረም ከፈለጉ በኢንቦክስ ይንገሩ። በሰው ፊት የታረመ ሰው እርማቱን ሳይሆን ሰዉን ነው የሚያስታውሰው።

መጽሐፍ ሲመረጥም እንዲሁ። ቴሌግራም ላይ ፖል ሲከፍቱ ድምፅ ሰጪው እንዳይታይ የሚያደርገውን ምርጫ አያጥፉት። የጠቆመው መጽሐፍ በማን ድምፅ እንደወደቀ ያየ ሰው ቂም ይይዛል፤ አይይዝም የሚል ካለ መጽሐፍ ጠቁሞ አያውቅም።

አንተና አንቱ

የፕሮፋይሉ ፎቶ አበባ ወይም ድመት ሲሆን ዕድሜ አይታወቅም። ጎንደር ውስጥ ታላቅን «አንቱ» ማለት ዛሬም ወግ ነው፤ የስልሳ ዓመቱን ጡረተኛ መምህር «አንተ እኮ አልገባህም» ያለ ወጣት ስህተቱ ሲነገረው ግሩፑን ለቅቆ ይወጣል። በ«እርስዎ» ይጀምሩ። እሳቸው «አንተ በለኝ» ካሉ ያኔ ዝቅ ይላሉ፤ ወደ ታች መውረድ ይቀላል፣ ከ«አንተ» ወደ «አንቱ» መውጣት ግን ያሳፍራል።

ሳይመዘግቡ ማዋስ

በስክሪን የተጀመረ ወዳጅነት ወደ አካል የሚሻገረው ብዙ ጊዜ በመጽሐፍ ውሰት ነው። የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። ሲያውሱ የሽፋኑንና የተጎዳውን ገጽ ፎቶ አንስተው ለተዋሰው ሰው ይላኩ፣ ከሥሩ የተሰጠበትንና የሚመለስበትን ቀን ይጻፉ። ለባለ 300 ገጽ መጽሐፍ 30 ቀን ይበቃል። አንዱ ሳይመለስ ሁለተኛ አይሰጥም። ከጠፋ ያንኑ መጽሐፍ ገዝቶ መተካት መሆኑን ከመስጠትዎ በፊት ይስማሙ፤ ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ ግን መተኪያ የለውምና አይዋስ፣ ቤትዎ መጥተው ያንብቡት። ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲላክ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በላስቲክ ጠቅልለው ከላዩ የተቀባዩን ስልክ ይጻፉ፣ የማድረሻውን ብር ማን እንደሚከፍልም አስቀድመው ይነጋገሩ።

በስልክ ካሜራ እያነሱ ፒዲኤፍ አድርጎ ለግሩፑ መልቀቅስ? ለጓደኛ ደግ ይመስላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው ሳይፈቅድ ማባዛትና ማሰራጨትን ይከለክላል። ደራሲው ራሱ እዚያው ግሩፕ ውስጥ ሊኖር እንደሚችልም አይርሱ። አምስት ሆነው አንድ ቅጂ ገዝተው በተራ ማንበብ ይቀላል።

ብርና ኮድ

ለመጽሐፍ መግዣ የሚዋጣ ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ ከገባ ደረሰኙ በዚያው ቀን ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። አብሮዎት ሲያነብ የከረመ ሰው ድንገት በኢንቦክስ ብር ከጠየቀ ከመላክዎ በፊት ይደውሉለት፤ አካውንቱ ተጠልፎ ይሆናል። «ለውድድር ድምፅ ስጪኝ» የሚል ሊንክም የታወቀ ወጥመድ ነው፤ ተከትለው ሲገቡ የቴሌግራም ኮድዎን ይጠይቃል። ኮዱ ለማንም አይሰጥም። ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ዛሬውኑ ያብሩ።

የመጀመሪያውን ግንኙነት ከባድ ማድረግ

በጽሑፍ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው በአካል ዓይነ አፋር ሊሆን ይችላል፤ ስክሪን ላይ ባየነው ልክ ስንጠብቅ ያ ሰው «የተቀየረ» ይመስለናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀጠሮ አጭርና ቀላል ይሁን፦ በቀን ብርሃን፣ ፒያሳ ባለ ካፌ ወይም የፋሲል ግቢን ዞሮ በሚያሳይ የእግር መንገድ፣ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ፣ ቢቻል ሦስት ሆኖ። የት እንደሚሄዱ ለቤተሰብ ይናገሩ። «ሰፈርሽ ድረስ ልምጣ» ወይም «ልሸኝሽ» ብሎ መድረቅ፣ ስለ ደራሲ የተወራን ወግ ለፍቅር ጥያቄ መግቢያ ማድረግ ሴቶችን ከክበብ የሚያሸሽ ዋናው ነገር ነው፤ አድሚን አንድ ጊዜ አስጠንቅቆ በሁለተኛው ሊያስወጣ ይገባል።

መጽሐፉን ይዘው ይሂዱ፣ ያልተስማሙበት አንድ አንቀጽ ላይ ምልክት አድርገው። ወሬ ሲጠፋ ያንን ገልጠው ያንብቡት። ሒሳብ ሲመጣ እጅ መያያዙ አይቀርም፤ ዛሬ አንዱ ይክፈል፣ ቀጣዩ የሌላው ነው ተባብላችሁ ተነሡ። ከመለያየታችሁ በፊት የሚቀጥለውን ቀን ቁረጡ፤ መጽሐፉ በኋላ በኢንቦክስ ይመረጣል።