ወደ ባሊ የሚሄድ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንግዶችን ይዤ ወደ ኢንዶኔዥያዋ ደሴት ባሊ ስመላለስ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ በቲርታ ኤምፑል የማየው ነገር ነው። ታምፓክሲሪንግ በሚባል ቦታ የሚገኘው ይህ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየ የጸበል ቦታ ነው። «ቲርታ» የሚሉት እኛ ጸበል የምንለውን ነው። የባሊ ሰዎች መጀመሪያ መባቸውን አቅርበው ይጸልያሉ፤ ከዚያ ገንዳው ውስጥ ገብተው ከግራ ጀምረው በየድንጋይ አሸንዳው ሥር በተራ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሁለቱን አሸንዳዎች ግን ያልፏቸዋል፤ ለሙታን ሥርዓት የተለዩ ናቸውና።

እንግዳው ምን ያደርጋል? ሰልፉን ገፍቶ ይገባል፣ ስልኩን ለጓደኛው ያቀብላል፣ ከሙታኑ አሸንዳ ሥር ቆሞ ፈገግ ይላል። ፎቶው እስኪያምርለት አራትና አምስት ጊዜ ይደጋግማል። ከኋላው ሕፃን ያቀፈች እናት ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ተራዋን ትጠብቃለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያውም የራሴ እንግዶች ነበሩ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ላይ አንድ የውጭ አገር ሰው እንዲህ ቢያደርግ ዝም እንለው ነበር? እናቲቱ ዝም አለች። ዝምታዋ ፈቃድ አልነበረም፤ ይሉኝታ ነበር። ይሉኝታን እያወቅን ያደግን ሰዎች ይህንን መለየት ሊያቅተን አይገባም። መጠመቅ ከፈለጉ ሥርዓቱን ጠይቀው ይፈጽሙ። እምነትዎ የማይፈቅድልዎ ከሆነ ዳር ቆመው ይመልከቱ፤ ማንም አይቀየምዎትም።

ወደ ማንኛውም ቤተ መቅደስ ሲገቡ ሽርጥና የወገብ መታጠቂያ ያስፈልጋል። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትገባም፤ የአገራችን ምእመናን ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻቸውም።

በየደጁና በየመንገዱ ዳር የሚያዩት፣ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራና አበባ የሞላበት ትንሽ ሣህን ቻናንግ ሳሪ ይባላል፤ በየዕለቱ የሚቀርብ መባ ነው። ሳያዩ ቢረግጡት ይቅርታ ይጠይቁ። አውቀው አይራመዱበት።

ቀጥሎ ኔፒ የሚባለው የጸጥታ ቀን አለ። ሳካ በሚባለው የባሊ ሂንዱዎች የዘመን አቆጣጠር የአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት ኦጎ ኦጎ የሚባሉ ግዙፍ የአጋንንት ምስሎች በየመንደሩ በጩኸትና በከበሮ ይዞራሉ። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ለ24 ሰዓት ደሴቲቱ በሙሉ ጸጥ ትላለች፤ እሳት፣ ሥራ፣ ጉዞና መዝናኛ ክልክል ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ሳይቀር ይዘጋል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔትም ይቋረጣል። በዚያ ቀን የሚነሣ ወይም የሚያርፍ በረራ አይኖርም፤ ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ቀኑን ያረጋግጡ። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ እኔም አጥፍቻለሁ። ሰው ስለማያየኝ ብዬ ማታ የክፍሌን መብራት አብርቼ ሳነብ፣ ፔቻላንግ የሚባሉት የመንደር ጠባቂዎች በሩን አንኳኩ። አልተቆጡም፤ በእጃቸው ወደ መብራቱ ብቻ አመለከቱ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። መብራቱን አጥፍቼ በረንዳ ላይ ስወጣ ያየሁትን የከዋክብት ብዛት ግን ከዚያ ወዲህ አይቼ አላውቅም።

ኔፒ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ መጋቢት ውስጥ ስለሚውል ብዙ ኦርቶዶክሳውያን እንግዶቼ ዐቢይ ጾም ላይ ሆነው ይደርሳሉ። «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻውን አያድንም። ሳምባል የሚሉት የቃሪያ ዳጣ ብዙ ጊዜ ተራሲ አለበት፤ ተራሲ ከሽሪምፕ የሚሠራ ነው። ጋዶ ጋዶ የአትክልት ምግብ ቢሆንም እንቁላል ይጨመርበታል። «ታንፓ ተራሲ፣ ታንፓ ተሉር» ይበሉ፤ ያለ ተራሲ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቴምፔ ጠግበው የሚነሡበት የጾም ምግብ ነው።

ሌላው ስህተት ኢንዶኔዥያ የሙስሊሞች አገር ናት ብሎ ባሊ ላይ ያለ ጥያቄ መብላት ነው። አብዛኛው የባሊ ሕዝብ ሂንዱ ነው፤ የሚኮራበትም ምግብ ባቢ ጉሊንግ፣ ማለትም የተጠበሰ አሳማ ነው። ላዋር ደግሞ የተከተፈ ሥጋ ከኮኮናትና ከቅመም ጋር የተለወሰበት ሲሆን አንዳንዱ ጥሬ ደም ይገባበታል። ሙስሊምም ሆነ ኦርቶዶክስ እንግዳ አንዴ ከጎረሰ በኋላ ሲያውቅ የሚሰማውን ድንጋጤ ደጋግሜ አይቻለሁ። አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሀላል የሚሉ ምግብ ቤቶች በየከተማው አሉ። የዶሮ ቤቱቱን ሳይቀምሱ እንዳይመለሱ፤ ቅመሙ የእናቴን ወጥ ያስታውሰኛል።

መለያ የሌለው አራክ፣ ማለትም የአገሬው አረቄ፣ አይጠጡ። ሜታኖል በሚባል መርዛማ አልኮል የተመረዙ ሰዎች ሞተዋል።

የሾፌርዎን ስልክ ሲይዙ «ዋያን» ብቻ ብለው አይመዝግቡ። ዋያን የመጀመሪያ ልጅ፣ ማዴ ሁለተኛ፣ ኞማን ሦስተኛ፣ ከቱት አራተኛ ነው፤ አምስተኛው እንደገና ዋያን ይባላል። ስለዚህ ሁለተኛ ስሙንም ይጠይቁ፤ ሲጠሩትም «ፓክ» የሚለውን አክብሮት ያስቀድሙ፤ ሴት ከሆነች «ኢቡ»።

ኡሉዋቱ በሚባለው ቤተ መቅደስ መነጽርዎን ያውልቁ፤ ዝንጀሮዎቹ ነጥቀው በምግብ ካልሆነ አይመልሱም።

ከኢትዮጵያ የሚነሡ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ከፓስፖርትዎ ጋር ይያዙ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከፈለውን 150,000 ሩፒያ የጎብኚ ክፍያ ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት ይክፈሉ። ሲመለሱም ከኡቡድ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያለውን መንገድ በርቀቱ አይገምቱት፤ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ ነገር ግን ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የሥነ ሥርዓት ሰልፍ ካጋጠመዎት ደግሞ ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ ግድ ነው።