ነት መቼ ለውዝ፣ መቼ ዳዶ ነው?

ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አድሬ ኮምቦልቻ እውላለሁ። ጠዋት የሐረጎን ተራራ ቁልቁል፣ ማታ ሐረጎን ሽቅብ። ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ቢሆንም ስወርድ ጃኬቴን አወልቃለሁ፣ ስወጣ እደርባለሁ። ሥራዬ የሽመና ማሽን ጥገና ነው። የእንግሊዝኛ መምህር አይደለሁም፤ ትምህርቴም 12ኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ግን በየዓመቱ ለልምምድ የሚመጡ ልጆች የእንግሊዝኛ ማኑዋል ይዘው አጠገቤ ይቆማሉ፦ «ጋሼ፣ ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አልገባኝም።» የማያውቁት ቃል ቢሆን ኖሮ መዝገበ ቃላት ገልጠው ያገኙት ነበር። የሚጥላቸው «ይቺንማ አውቃታለሁ» ብለው የሚያልፏት፣ ሦስትና አራት ፊደል ያላት ትንሽ ቃል ናት። እኔንም ስትጥለኝ ኖራለች። እንዴት እንደማነባት ልንገራችሁ።

ሙያውን ያስተማሩኝ አለቃ እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር። የዕቃውን ስም ግን አንድ ሳያጎድሉ ይጠሩታል፦ ቡሎን፣ ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀው ዳዶ፣ ከዳዶው ሥር የሚገባው ራንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ ካቻቢቴ፣ መፍቻው ኪያቤ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የገቡ ናቸው። ኪያቤ በጣሊያንኛ የበር ቁልፍም ስም ነው፤ ከቤት ተነሥቶ ጋራዥ የገባ ቃል ማለት ነው። በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማኑዋል መጣ። ኪሴ ውስጥ የነበረችው ትንሽ መዝገበ ቃላት «ነት» ለውዝ፣ «ዋሸር» አጣቢ፣ «ስፕሪንግ» ምንጭ ትላለች። ለውዙን ፍታ፣ አጣቢውን አውጣ፣ ምንጩን ቀይር! ነት ዳዶው፣ ዋሸር ራንዴላው፣ ስፕሪንግ ሞላው መሆኑን አትነግረኝም። አለቃዬ ሰምተው «ይሄ ሰውዬ የሚጠግነው ማሽን ነው ወይስ ድግስ ነው የሚያሰናዳው?» አሉ።

በ«ሪፕሌስ» የደረሰብኝ ግን አያስቅም። ማሽኑን ከፍተን ጠግነን ስንጨርስ መመሪያው «ሪፕሌስ ዘ ከቨር» ይላል። ሪፕሌስ በአዲስ መተካት ነው ብዬ ለዕቃ ግምጃ ቤት የአዲስ ክዳን መጠየቂያ ጻፍኩ። የለም ተባለ። ማሽኑ ሁለት ቀን ቆመ። በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ መሬት ላይ የተቀመጠውን አሮጌ ክዳን አንሥቶ ገጠመና አራት ቡሎን አስሮ እጁን ጠረገ። «ሪፕሌስ» ያወጡትን ወደ ቦታው መመለስም ነው ለካ። የዚያን ዕለት ሐረጎን ስወጣ ከማንም ጋር አላወራሁም። በነጋታው ፒያሳ ወርጄ ደብተር ገዛሁ።

ደብተሩን ስጀምር የጻፍኩት አማርኛ ነበር፤ «ቆረጠ» የሚለውን። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ሥጋ ይቆረጣል፣ ትኬት ይቆረጣል፣ ተስፋ ይቆረጣል፣ የሠርግ ቀን ይቆረጣል። ሆዴን ቆረጠኝ እንላለን፤ ለመሄድ ልቡ ቆረጠ እንላለን። መናኸሪያ ሄዳችሁ «ትኬት ቆረጥኩ» ስትሉ በመቀስ ነው በቢላ ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም። «ትኬት» የምትለዋ ቃል አጠገቡ ቆማ መንገዱን አሳይታለች። ፈረንጁም እንደዚሁ ነው። «ከት ዘ ፓወር» ካለ መብራቱን አቋርጥ፣ «ከት ዘ ፕራይስ» ካለ ዋጋ ቀንስ፣ «ከት ክላስ» ካለ ክፍል ፎርፍ። ይህን ችሎታ ከእናታችሁ ጓዳ ይዛችሁት ወጥታችኋል፤ እንግሊዝኛ ላይ ስትደርሱ ብቻ ነው የምትጥሉት።

አንድ ልዩነት ግን አለ። አማርኛ ቃሉን እንደየሥራው ያለብሰዋል፦ ቆረጠ፣ ቆራጭ፣ መቁረጫ፣ ቁራጭ፣ ቁርጥ። መቁረጫ ዕቃው፣ ቆራጭ ሰውዬው፣ ቁርጥ ሳህን ላይ የሚቀርበው ነው፤ ልብሱን አይተን እንለያለን። የእንግሊዝኛው «ከት» በአንድ ልብስ ሠርግም ለቅሶም ይሄዳል። ስለዚህ ትርጉሙን ከመፈለጋችሁ በፊት ቃሉ እዚያ ቦታ ምን እየሠራ እንደሆነ እዩ። ከፊቱ «ዘ» ወይም «ኤ» ካለ ወደ ስም ነው፤ «ቱ» ከቀደመው አብዛኛውን ጊዜ ግስ ነው፤ በማኑዋል ዓረፍተ ነገሩን እሱ ከከፈተው ትእዛዝ ነው። «ዘ ኦይል» ዘይቱ ነው። «ኦይል ዘ ቼይን» ሰንሰለቱን ዘይት ቀባ ማለት ነው። ኦይልን ዘይት ብቻ አድርጎ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ «የሰንሰለት ዘይት» ይልና ሊገዛ ይሄዳል።

ቀጥሎ ጎረቤቱን። ለዚህ «ራን»ን የሚያህል ምሳሌ የለም። ትልቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ራን» ለሚለው ግስ ብቻ 645 ትርጉም ቆጥሮለታል። እኔ የማውቀው ሃያ ቢሆን ነው፤ እሱም እንጀራ አብልቶኛል። አጠገቡ ማሽን ካለ ይሠራል፣ አፍንጫ ካለ ንፍጥ ይወርዳል፣ ሱቅ ካለ ያስተዳድራል፣ ምርጫ ካለ ይወዳደራል። ቀለም ካለስ? ልብስ ላይ የምትሰፋዋን ትንሽ ጨርቅ አይታችኋል፤ «ከለርስ ሜይ ራን» ትላለች። ሰኞ ገበያ የገዛሁትን ቀይ ሹራብ ከባለቤቴ ነጠላ ጋር የዘፈዘፍኩት ይህን ሳላነብ ነበር። ቀለሙ ሮጠ ማለት ለቀቀ ማለት ነው። ነጠላው ሮዝ ሆነ፤ ባለቤቴ አሁንም ሮዝ ነገር ስታይ ታየኛለች።

ከኋላው የምትከተለዋን ትንሽ ቃልም አትዝለሏት። «ራን አውት» አለቀ ነው። «ራን ኦቨር» መኪና ዳጠ። «ራን ኢን» አዲስ ማሽንን በቀላል ጭነት ቀስ እያሉ ማለማመድ ነው። ፓምፕ ላይ «ዱ ኖት ራን ድራይ» ተጽፎ ሲያይ አንድ ልጅ «ውሃ ሳትጠጣ አትሩጥ» ብሎ ተረጎመልኝ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ለፓምፑ ግን ውሃ ሳይኖርብኝ አታዙረኝ ማለቱ ነው። አለዚያ ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው ማኅተም (ሲል) ይቃጠላል።

አሁን እኔ የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። አንዳንዱ ቃል ትርጉሙ አሥር ይመስላል እንጂ ሥሩ አንድ ነው፤ ሥሩን ከያዛችሁ ቅርንጫፉ ይመጣል። «ቻርጅ»ን ውሰዱ። ከላቲን ሲነሣ ጋሪ ላይ ዕቃ መጫን ነው። መጫን! ከባቲ ገበያ የሚመለስ ግመል ያየ የወሎ ልጅ ይህ አይጠፋውም። ስልክ ላይ ኃይል ይጫናል፣ ተጠርጣሪ ላይ ክስ ይጫናል፣ ደንበኛ ላይ ዋጋ ይጫናል። «ኢን ቻርጅ» የሚባለው ኃላፊም ሸክሙ ጀርባው ላይ ያለ ሰው ነው። እኛ ከዚህ ሁሉ የስልኩን ብቻ ወስደን «ቻርጅ አድርግልኝ» እንላለን፤ ፍርድ ቤት «ቻርጅድ» የሚል ወረቀት ስናይ ግራ የምንጋባው ለዚህ ነው።

«ሻትል» መወርወሪያ ነው፤ ማጉን ይዞ በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው። የሠራተኛ ሰርቪስ «ሻትል ባስ» ሲባል፣ ሕዋ ደርሶ ይመለስ የነበረው መንኩራኩር «ስፔስ ሻትል» ሲባል ያው መወርወሪያ ነው። በዚህ ስሌት እኔም በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሻትል ነኝ፤ የተሸመነ ነገር ባይታይም።

«ፋስት» ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ያልገባ ሰው የማያገኘው አንድ ትርጉም አለው። ማቅለሚያ ክፍል መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን በርሜል ላይ «ፋስት» የሚል ቀለም አየሁና ቶሎ የሚያቀልም መሰለኝ። ቶሎ ሳይነክር ሲቀር ቀለሙ ተበላሽቷል ብዬ ሪፖርት ልጽፍ ነበር። የቀለም ባለሙያዋ አስቆመችኝ። «ፋስት» ቀለም በመታጠብና በፀሐይ የማይለቅ፣ ጨርቁን አጥብቆ የያዘ ቀለም ነው። ሥሩ ጥብቅ ማለት ነው። ጾም «ፋስት» የተባለው ሥርዓቱን አጥብቆ ከመያዝ ነው። ፈጣን የሚለውም ከዚያው ከጥብቀቱ፣ ከብርታቱ ወጥቶ ኋላ ለሩጫ የዋለ ነው። «ፋስት አስሊፕ» ሲሉም በፍጥነት ተኛ ሳይሆን ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰደው ነው። ሁዳዴ ላይም ረመዳን ላይም ይህን ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ፤ የሚጾመው ሁሉ አይረሳውም።

«ስፕሪንግ» ሥሩ መዝለል ነው፦ ከመሬት የሚፈልቀው ምንጭ፣ ተጭኖ ሲለቁት የሚነጥረው ሞላ፣ ቡቃያ ብቅ የሚልበት ወራት። ወራቱ ከኛ በልግ ጋር ይገጥማል።

ግን ሁሉም ዘመድ አይደለም። መልካቸው አንድ ሆኖ እናታቸው የተለያየ አሉ፤ እዚያ ሥር አትፈልጉ፣ ጊዜያችሁን ትጨርሳላችሁ። ጥጥ የሚያበጥረው «ካርድ» ኮሸሽላ ከመሰለ እሾሃም ተክል የላቲን ስም የመጣ ነው፤ ወረቀቱ «ካርድ» ከሌላ፣ ከወረቀት ስም ነው። የፈተል ክፍሉን ማሽን «የካርድ ማሽን» ሲሉት የሞባይል ካርድ የሚያትም የመሰለው ልጅ አጋጥሞኛል፤ አልፈረድኩበትም። «ላይት» እንዲሁ ሁለት ነው፦ ብርሃን አንዱ፣ ቀላል ሌላው። «ላይት ኦይል» ቀጭን ዘይት እንጂ የፋኖስ ጋዝ አይደለም። «ላይት ብሉ» ሲሉ ደግሞ ወደ ብርሃን የሚያደላ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው።

«ፓርክ»ን የተለማመድነውም በግማሹ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጎረቤቴ እትዬ «መናፈሻ ከሆነ ቅዳሜ ልጆቹን ወስጄ ላናፍሳቸው» አሉኝ። ደሴ መናፈሻ የሚባል ሰፈር አለና አልተሳሳቱም። ፓርክ ከጥንቱ የታጠረ ቦታ ነው፤ አጥሩ ውስጥ አበባም ይሁን ፋብሪካ ስሙ አይከለክለውም።

አንድ ቃል ላይ ግን ቀልድ የለኝም። «ኦፍ» እናንተ የምታውቁት ጠፋ፣ ተዘጋ ነው። የደኅንነት መመሪያው «ኢፍ ዘ አላርም ጎስ ኦፍ፣ ስቶፕ ዘ ማሽን» ይላል። ይህን «የማስጠንቀቂያ ደወሉ ከጠፋ» ብሎ የተረጎመ ልጅ ደወሉ እየጮኸ ማሽኑን ያዞራል፤ ዝም ሲል ያቆማል። ትክክለኛው ግልባጩ ነው፤ «ጎስ ኦፍ» ለደወል ጮኸ ማለት ነው። ለመብራት ከሆነ ግን ጠፋ ነው። ለወተትም ኮመጠጠ፣ ተበላሸ ይሆናል። ይህን በቀይ እስክሪብቶ በአማርኛ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እናንተም የሕይወት ጉዳይ ያለበትን ዓረፍተ ነገር በግምት አትለፉ። «ፍሪ»ንም በዚሁ ተጠንቀቁ፦ «ኦይል ፍሪ» ዘይት በነጻ ይሰጣል አይደለም፣ ዘይት የሌለበት ነው። ዘይቱ መቼ ነው የሚታደለው ብሎ የጠየቀኝ አለ።

ደብተሩን እንዴት እንደምይዝ ልንገራችሁና ልተው። ቃሉን ለብቻው አልጽፍም። ያገኘሁትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን፣ የት እንዳየሁት ጨምሬ እጽፋለሁ፤ «ሪፕሌስ ዘ ከቨር፣ ሽመና ክፍል፣ ክዳኑን መልሰህ ግጠም» ብዬ። ሚኒባስ ውስጥ መጀመሪያ ራሴ እገምታለሁ፣ ግምቴን በእርሳስ አሰፍራለሁ፣ ከዚያ ነው ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት የምከፍተው። ስከፍትም ቁጥር አንድ ላይ አልቆምም። ቁጥር አንድ ብዙ ጊዜ ተራው ሰው ዘወትር የሚጠቀምበት እንጂ የእኔ ማሽን የሚፈልገው አይደለም። ቁልቁል እወርድና ምሳሌዎቹን አነባለሁ፤ የእኔን ዓረፍተ ነገር የመሰለ ሳገኝ እቆማለሁ። የስልክ አስተርጓሚ የምትጠቀሙ ደግሞ ቃሏን ብቻ አትስጡት፤ ዓረፍተ ነገሩን ከነጎረቤቱ ስጡት። እሱም እንደኛ አጠገቡን ካላየ ይስታል። ሌላ ትርጉም በሌላ ቀን ሲመጣ እዚያው ገጽ ላይ እጨምራለሁ፤ የእንግሊዝኛው «ሴት» (set) ገጽ ሞልቶ ወደ ሁለተኛ ተሻግሯል፦ ፀሐይ ገባች፣ ሲሚንቶ ጠጠረ፣ ገበታ ተሰናዳ፣ ፍጥነቱን አስተካክል፣ የመፍቻ ስብስብ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ተለማማጅ ብረት እየዞረ ከሚቆረጥበት ከቶርኖ ቤት ወረቀት ይዞ ሮጦ መጣ። «ታይተን ዘ ዶግ» ይላል።

«ጋሼ፣ ውሻውን ጠበቅ አድርገህ እሰር ነው የሚለው። የጥበቃውን ውሻ ነው?»

«ከላይና ከታች ያለውን አነበብክ?»

አጎንብሶ አነበበ። ቶርኖ፣ የሚቆረጠው ብረት፣ የሚዞረው ራስ። ጥርሱን ነክሶ የሚይዝ ነገር። ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ ማሽኑ ላይ ብረቱን ነክሳ የያዘችውን ማሰሪያ አየ።

«ይቺ ናት እንዴ?» አለና ኪያቤውን አነሣ።